ሳይመረመር የተጻፈ ደም

የጥብቅና ሥራ ሰውን ነገረኛ ያደርጋል ይላሉ። እኔም ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። የዚያን ዕለት የተቆጣሁት ግን በተፈጥሮዬ ብቻ እንዳልነበረ አንባቢ ይፍረድ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ውስጥ ከአንድ ደንበኛዬ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። "ጌታዬ፣ ከደም ባንክ ነው። የደም ዓይነትዎ ኦ ስለሆነ ነው የደወልንልዎ። አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው፤ እባክዎ ቶሎ ይድረሱልን" አለችኝ አንዲት ሴት በተጣደፈ ድምፅ። ለእንዲህ ያለ ጥሪ እምቢ የሚል አንጀት የለኝም። ደንበኛዬን ይቅርታ ጠይቄ፣ ኮቴን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር መንገድ ላይ ኩራት ቢጤ ሽው አለችብኝ። ከብዙ ጊዜ በፊት ቢሮዬ ያለበት ሕንፃ ሥር በተደረገ ዘመቻ ስሜን አስመዝግቤ ነበር። በዕለቱ አልጋዎቹ ስለሞሉ ደም ሳልሰጥ ብመለስም፣ ኦ የሚል ካርድ ተሰጥቶኝ በቦርሳዬ ይዤው ስዞር ኖሬአለሁ። ያ ካርድ ዛሬ የሰው ነፍስ ሊያድን ነው አልኩ በልቤ።

ደም ባንኩ ከሆስፒታሉ አጥር አጠገብ ያለ ዝቅ ያለ ቤት ነው። ኮሪደሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሁላችንም ኦ ተብለን የተጠራን ጀግኖች ነን። አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ የስፌት ሜትር በአንገቱ እንደተንጠለጠለ የቀረ፣ ሱሪው ላይ ክር የተለጣጠፈበት ወጣት ተቀምጧል። ልብስ ሰፊ ነው፤ የምትደማው ሚስቱ ናት። ልጁ በሰላም ተወልዷል፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም ብሏል። ደሟ ኦ ስለሆነ ከኦ በቀር ሌላ አይሆናትም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረው ኦ ደግሞ ተሟጧል። የምርመራው ክፍል በር በተከፈተ ቁጥር ልብስ ሰፊው ብድግ ይልና "ኦ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። "አይደለም" ሲሉት መልሶ ይቀመጣል።

ተራዬ ደረሰ። መርማሪዋ ጣቴን ወግታ ደሜን ጠብ አደረገች፤ መድኃኒት ጨመረችበት፤ አየችውና ትንፋሿን ለቀቀች።

"ጌታዬ፣ እርስዎ ኦ አይደሉም። ቢ ነዎት።"

"እንዴት ይሆናል? ካርዴ ኦ ይላል እኮ!" ብዬ አውጥቼ አሳየኋት።

"ካርዱ ይላል። ደምዎ አላለም" አለችና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ከእኔ በፊት የገባችው መምህርት ኤ ነች ተብላ ወጥታለች፤ ከእሷ በፊት የገባው ሾፌርም እንዲሁ። በሩን ከፍቼ ስወጣ ልብስ ሰፊው ዓይን ዓይኔን እያየ ቆመ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩት። እንዲህ ያለ ሀፍረት ፍርድ ቤት ተረትቼ ስወጣ እንኳ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሀፍረቱ ወዲያው ወደ ቁጣ ተለወጠና "መዝገብ ክፍል" የሚለውን በር ሳላንኳኳ በርግጄ ገባሁ።

"ማነው እኔን ኦ ያለኝ?"

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ ክራቫት ያሰሩ፣ ጠረጴዛቸው ላይ እርሳሶቻቸውን በልክ የደረደሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛዋ ኮምፒውተሩ አጠገብ የቆመች ወጣት ናት። ፊታቸው እንደሚያሳብቀው እኔ ሳልገባ በፊትም ጭቅጭቅ ላይ ነበሩ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ፤ እባክዎ ይቀመጡ" አሉ ሽማግሌው ብድግ ብለው። "የዚህ ቤት የመዝገብ ሹም ነኝ። ይህች የእህቴ ልጅ ናት፤ የዳታቤዝ ባለሙያ ሆና በቅርቡ ተቀጥራልናለች። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ደግሞ እሷ እኔን ልታስቆጥረኝ ቆማለች።"

"በምን ምርመራ ነው ኦ ያሉኝ?"

"በምርመራ አይደለም። ኮምፒውተሩ 'የደም ዓይነት' የሚለው ሳጥን ባዶ ከሆነ አላሳልፍም ይላል። ዘመቻ ላይ መርማሪ የለም፤ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰው ቸኩሏል። ኤ ብል ልሳሳት እችላለሁ፤ ቢ ብልም ልሳሳት እችላለሁ። ኦ ግን ለሁሉም የሚሰጥ ደም ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ስለዚህ ያልታወቀውን ሁሉ ኦ በሉት ብዬ ጸሐፊዎቼን አዘዝኳቸው።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር፤ እንዲያውም ደግነት ነበረበት። በሥራዬ ስንት ዓይነት መከላከያ ሰምቻለሁ! እንዲህ ያለ ንጹሕ ልብ ያለው ጥፋት ግን አልገጠመኝም። ለክፉ ሰው የተዘጋጀ ስድብ ነበረኝ፤ ለቅን ሰው የሚሆን ግን ጠፋኝ።

ስድቡን የተካችልኝ ወጣቷ ናት።

"ጋሼ፣ ኦ ለሁሉም የሚሰጠው እኮ እውነት ኦ ሲሆን ነው! እርስዎ ኦ ብለው ስለጻፉት የሰውየው ደም አይለወጥም።"

"አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ። ቤተ ሙከራው ሳይመረምር ለማንም ደም አይሰጥም። እኔ ብሳሳት እነሱ ይይዙታል። እስከ ዛሬ በእኔ ጽሑፍ የሞተ ሰው ካለ ጥሪልኝ።"

"በተሳሳተ ደም የሞተ የለም፤ ልክ ነዎት። በመጠበቅ የሚሞተውንስ ማን ቆጠረው? ኮሪደሩ ላይ ይመልከቱ! ይህን ሁሉ ሰው ከሥራው አስነስተን ጠራን። አንዱን መርምሮ አይደለም እስኪባል ሴትዮዋ ትደማለች። ሁለተኛውን መርምሮ አይደለም እስኪባል ትደማለች። ያለፈው ወር የኦ ለጋሾች ዘመቻ ለምን እንደተሰረዘ ረሱት? የደም ባንኩ ኃላፊ ስክሪኑን አይተው 'ኦማ ሞልቶ ተርፎናል' ብለው አይደለም እንዴ? ያ ሁሉ ኦ ከየት መጣ? ከእርስዎ እጅ!"

"ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ እንግዳ አለ።"

"እንግዳውም ይስማ ጋሼ። እንግዳውም ኦ ተብሎ የመጣ ነው።"

"ይቀጥሉ እህቴ፤ እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ" አልኩ። ጠበቃ ሲፈለግ ዝም ማለት አልለመደብኝም።

ሹሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። "የተሳሳተ ነገር ሲጻፍ ማሽኑ የሚመልስበት የማረጋገጫ ደንብ ላስገባ ብላ ለምናኝ ነበር" አሉኝ። "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ምክንያት አለኝ፤ እባክዎ ይስሙኝ። እዚህ የሚመጣው ሰው ደሙን በነጻ ሊሰጥ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ማሽኑ በቀይ ጽሑፍ 'ስህተት ነው፣ አልቀበልም' እያለ ሊጮህበት ነው? ያ ነውር አይደለም? ሰውን ያባርራል እኮ!"

"ዛሬስ ያላባረርነው መስሎዎታል?" አልኩ ጠረጴዛውን እየመታሁ። "ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ሲደወልልኝ ስልኬን የማነሳ ይመስልዎታል?"

መልስ ሊሰጡኝ ሲሉ መርማሪዋ በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች። ከተጠሩት መካከል አንዲት ጸጉር ሠሪ ብቻ እውነተኛ ኦ ሆና ተገኝታለች፤ ደሟ እየተቀዳ ነው። ሐኪሞቹ ግን አንድ ከረጢት አይበቃም ብለዋል፤ ቢያንስ ሌላ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ሽማግሌው ወዲያው እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀመሩ። "ታዲያ እኔ ምን እሠራለሁ? እኔ ራሴ ኦ አይደለሁም እንዴ! ከእኔ ቅዱ!" ብለው ወጡ። እኛም ተከተልናቸው። ልብስ ሰፊው አይቷቸው "አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እያለ ከኋላቸው ሄደ።

ጣታቸው ተወጋ። ደማቸው ጠብ አለ። መርማሪዋ አንዴ አየች፤ ደግማ ሠራችው፤ ከዚያ ቀና ብላ "ጋሼ፣ እርስዎ ኤ ነዎት" አለች።

ሽማግሌው ጣታቸውን በጥጥ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ኮምፒውተሩ ሥራ በጀመረ ዕለት ጸሐፊዎቹን ሲያሠለጥኑ ለምሳሌ ያህል የራሳቸውን ስም አስገብተው ኦ ብለው ነበር። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑ ኦ ስላላቸው ኦ ሆነው ኖሩ። ራሳቸው የጻፉትን ግምት መልሰው ራሳቸው አመኑት! እኔም በዚህ ልፈርድባቸው አልቻልኩም፤ ማንም ጣቴን ሳይወጋው የተጻፈልኝን ካርድ የተማርኩ ነኝ እያልኩ ይዤ የዞርኩ ሰው ነኝ።

ልብስ ሰፊው ወደ አግዳሚው ተመልሶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ወደ መዝገብ ክፍሉ ስንመለስ ወጣቷ ቀድማን ሮጣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። በግምት የተጻፉትን ወደ ጎን ትታ፣ ከዚህ ቀደም ደም ሰጥተው በቤተ ሙከራ የተረጋገጠላቸውን ብቻ ፈለገች። የቀሩት ጥቂት ነበሩ። የአንዳንዶቹ ስልክ ዝግ ነው፤ አንዱ ከከተማ ወጥቷል። አንድ ሰው ግን በተደጋጋሚ ሰጥቷል፤ ኦ መሆኑ አያጠራጥርም።

"ደውይለታ!" አልኩ።

"በምን ልደውል? አንድ አኃዝ ጎድሎታል" አለች። "የስልኩ ሳጥን ያገኘውን ይውጣል። ጎደለ ብሎ የሚመልስ ደንብ የለውም።"

ሹሙ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለው ስሙን አነበቡት። "ይህንንማ አውቀዋለሁ! ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ከአደባባዩ ማዶ። ሁልጊዜ ዱቄት ለብሶ ነው የሚመጣ" አሉና እጅጌያቸውን እንደጠቀለሉ ወደ በሩ ሮጡ። ሽማግሌን ብቻውን መልቀቅ አልሆነልኝምና አብሬ ወጣሁ።

መንገዱን መኪና ዘግቶት ስለነበር በእግር ሄድን። ቁና ቁና እየተነፈሱ "እንግዲህ አየኸው አይደል" አሉኝ፤ በድንጋጤ አንቱታውን ረስተውታል። "ሰውየውን ማወቄ ነው የጠቀመው። ሰውን የሚያውቀው ሰው እንጂ ማሽን አይደለም።"

"እርስዎ ዛሬ ባይገቡስ? ታመው ቢቀሩስ? የሴትዮዋ ሕይወት በእርስዎ ትውስታ ላይ ሊንጠለጠል ነው?" አልኳቸው። እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ዳቦ ጋጋሪው ምድጃው አፍ ላይ ነበር። ነገሩን ሲሰማ ሽርጡን ፈትቶ ለባልደረባው ወረወረና ከእኛ ቀድሞ ወጣ። መንገድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረው፤ "ስልኬ እኮ ክፍት ነው፤ ምነው አልደወላችሁልኝም?" አለ። ሹሙ ይህን ጥያቄ እንደ ጥፊ ነው የተቀበሉት።

ደሙ ተቀድቶ፣ ተፈትሾ ወደ ሆስፒታሉ ከተላከ በኋላ ከመጠበቅ በቀር የምንሠራው አልነበረም። መዝገብ ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። ቀድመው የተናገሩት ሹሙ ናቸው።

"እሺ ልጄ፤ አሁን እንደ ተማሪ ነው የምጠይቅሽ። የኔን ኦ የወለደው እኮ ደንብ ነው። 'ባዶ አላሳልፍም' ያለው ማሽኑ ነው። እውነቱን የማያውቅ ሰው በር ሲዘጋበት ይዋሻል። ያንቺ ደንቦች ሲበዙ ውሸቱ አይበዛም?"

ጥያቄው ጠንካራ ነበር፤ እኔ በፍርድ ቤት ብሰማው ቀጠሮ እጠይቅ ነበር። ልጅቱ ግን አልተደናገጠችም።

"እውነት ነው ጋሼ፤ ያ ደንብ መጥፎ ደንብ ነው። ሙላ ብሎ ያዛል እንጂ 'አላውቅም' ለሚል ሰው መውጫ አልሰጠውም። እኔ የምለው ሳጥኑ ውስጥ 'አልተመረመረም' የሚል ምርጫ ይኑር ነው። ምዝገባ ላይ ያለ ጸሐፊ ከዚያ ሌላ መምረጥ አይችልም። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ፣ ኦ የሚሉት የሚከፈቱት ለቤተ ሙከራ ብቻ ይሁን። ያም ቢሆን ሁለት የተለያዩ ሰዎች መርምረው ውጤታቸው ካልተስማማ ማሽኑ አይቀበል።"

"ስልኩስ?"

"አኃዙ ከጎደለ ወይም ከበዛ አይለፍ። ሰውየው እዚሁ ቆሞ ሳለ ይደወልለት፤ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ እንሰማለን። የልደት ቀንም አለ። ያልደረሰ ቀን ተጽፎለት ገና ያልተወለደ ለጋሽ አለን እኮ ጋሼ! ይህንን ማሽን እንዴት ዝም ብሎ ይውጠዋል?"

ሹሙ ሳያስቡት ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ፈገግታውን ዋጡት። "ሰልፉ ግን ይረዝማል።"

"ትንሽ ይረዝማል፤ አልዋሽዎትም። ስህተቱን ሰውየው ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ሳለ ብናርመው የአንድ ጥያቄ ጉዳይ ነው። ዛሬ ልናርመው ስንሞክር ግን ይኸው ሰው እየደማ ነው።"

"ቀዩ ጽሑፍስ? ያ ስድብ?"

"ስድብ የሚሆነው እኛ ስድብ አድርገን ስንጽፈው ነው። 'ስህተት' ማለት የለበትም። 'ይህ ስልክ አንድ አኃዝ ጎድሎታል፤ እባክዎ ደግመው ይንገሩን' ይበል። ቃላቱን እርስዎ ይጻፉልኝ፤ ከእርስዎ የበለጠ ትሑት ሰው የት አገኛለሁ?"

"ታዲያ በዚህ ሁሉ ደንብ ስህተት ይጠፋል ነው የምትይኝ?"

"አይጠፋም። አኃዙ የሞላ፣ ግን የሌላ ሰው የሆነ ስልክ ሊያልፍ ይችላል። ለዚያ የእርስዎ ዓይን ያስፈልጋል። ደንቡ ግልጽ የሆነውን ስህተት በር ላይ ይመልስልዎት፤ እርስዎ የተደበቀውን ይፈልጉ። አሁን እኮ ሁለቱም አንድ ላይ ተዘፍዝፈው ነው ያስቸገሩን።"

 የእኔ ቁጣ ግን ገና አልበረደም ነበር። "ጌታዬ" አልኳቸው፤ "እኔ ፍርድ ቤት 'ይመስለኛል' የሚል ምስክር ሳቀርብ ዳኛው ያስወጡብኛል። የአንድ ክስ ነገር ያን ያህል ከተጠበቀ፣ የሰው ደም እንዴት በይመስለኛል ይጻፋል? መሰለኝ ያሉትን መሰለኝ ብለው ቢጽፉት እንኳ ባልከፋ። እርስዎ ግን እርግጥ አድርገው ጻፉት። ከእርስዎ በኋላ የሚያነበው ሰው ግምት ይሁን ምርመራ በምን ይለየው?"

"አይለየውም" አሉ ቀስ ብለው። "እኔም ራሴ መለየት አልቻልኩም።"

ያን ጊዜ መርማሪዋ መጣች። ሁለተኛው ደም ደርሶ ተሰጥቷታል፤ መድማቷ ቆሟል፤ ሴትዮዋ ዓይኗን ገልጣለች። ኮሪደሩ ላይ ልብስ ሰፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያለቅስ ሰማነው። ሹሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው "ጻፊው" አሉ። "ደንቡን ጻፊው ልጄ። ነገ ሳይሆን አሁን።"

እንዳሉትም ሆነ። የተመዘገቡት ለጋሾች ሁሉ እንደገና ተፈተሹ፤ በግምት ኦ የተባሉት ሁሉ "አልተመረመረም" ተባሉ። የኦ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ባንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ኃላፊው ደንግጠው "የኦ ለጋሾቻችንን የት አደረሳችኋቸው?" ብለው ሲቆጡ፣ ሹሙ "የትም አላደረስናቸውም ጌታዬ፤ ድሮም አልነበሩም" ብለው መለሱላቸው። ባዶነቱ ስለታየ የተሰረዘው ዘመቻ ተደረገ፤ በዘመቻው ላይም መርማሪ ተመደበ፤ እውነተኛ ኦዎች ተገኙ። አሁን ከዚያ ቤት ስልክ የሚደወለው ለሚፈለገው ሰው ነው፤ የተደወለለትም ሰው ከሥራው በከንቱ አይነሳም። እኔም ቢ የሚል ካርድ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ተመርምሬ ያገኘሁት ነው። ጥንቃቄ ሰውን ማስቸገር ሲመስላቸው የኖሩት ሽማግሌ፣ ሰውን ማክበር እንደሆነ የገባቸው በዚህ ነው።

ደም ልሰጥ በሄድኩበት አንድ ቀን ሹሙ ራሳቸው የመዝጋቢው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከእኔ ፊት የተሰለፈው ያ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሱም ለጋሽ ሊሆን መጥቷል። ስልኩን ነገራቸው፤ ማሽኑ አንድ አኃዝ ጎድሏል አለ። አዲስ መስመር ስላወጣ ቁጥሩን በቃሉ አልያዘውም። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም አላለፈም።

"ኧረ አባባ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው! ዝም ብለው አንድ ቁጥር ይጨምሩና ያሳልፉት፤ ምን ችግር አለው?"

ሽማግሌው እጃቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሱ። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። "ምን ችግር አለው?" አሉ፤ ድምፃቸው ክፍሉን አናወጠው። "ልጄ፣ ሚስትህን ሊገድልብህ የነበረው ይህ ነው! ያን ዕለት ስንቱ ኦ ነህ ተብሎ መጥቶ አይደለህም ሲባል አይተሃል። ሳይመረመሩ ዝም ብዬ ኦ ያልኳቸው እኔ ነኝ። የዳቦ ጋጋሪው ስልክ አንድ አኃዝ ጎድሎት ሳለ ዝም ብዬ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። አሁን ነገርኩህ።"

ልብስ ሰፊው ይህን አያውቅም ነበር። እጆቹ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተጣብቀው ቀሩ። ሹሙን አፍጥጦ አያቸው። ሊመታቸው ነው ብዬ ከሰልፉ ወጥቼ ቀረብኩ። ሽማግሌው ግን አልሸሹም፤ ዓይናቸውንም አልሰበሩም።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ስልኩን ከኪሱ አወጣና ደወለ።

"አንቺ፣ አዲሱን ቁጥሬን ከስልክሽ ላይ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ" አለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገው።

የሴት ድምፅ፣ ከበስተጀርባዋ ደግሞ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሴትዮዋ አኃዞቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች፤ ሹሙም በአንድ ጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ጻፉ። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ስክሪኑን አላይ አላቸው።

"ይቅርታ ልጄ" አሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፤ "የመጨረሻውን አልሰማሁትም፤ እባክሽ ድገሚልኝ።"